መልኳን ሳትለቅ ሞተሯን የለወጠች መኪና

አንድ ተማሪዬ «አዲስ ነገር ለመሥራት አሮጌውን መጣል የግድ ነውን?» ሲል በክፍል ውስጥ ጠየቀኝ። አውቶሞቢል ወዳድ መሆኑን ስለማውቅ፣ መልሱን ከጀርመን አገር፣ ከሽቱትጋርት ከተማ አመጣሁለት፤ የፖርሽ ኩባንያ ከሚሠራት ከ911 ታሪክ።

ይህች የስፖርት መኪና በ1963 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በፍራንክፈርት ኤግዚቢሽን ለሕዝብ ስትታይ ስሟ 901 ነበር። የፈረንሳዩ ፔዦ ኩባንያ ግን በመካከሉ ዜሮ ያለበት ባለ ሦስት አኃዝ ስም የእኔ ነው ብሎ ስለ ተቃወመ፣ 911 ተባለች። መልኳን የነደፉት የኩባንያው መሥራች የልጅ ልጅ ፈርዲናንድ አሌክሳንደር ፖርሽ ናቸው። ክብ የፊት መብራቶቿና ወደ ኋላ እያዘቀዘቀ የሚወርደው ጣራዋ ከሩቅ ያስለዩአታል።

ሞተሯ የተቀመጠው ከኋላ ነው። ስድስቱ ሲሊንደሮች ሦስት ሦስት ሆነው ግራና ቀኝ ተጋድመዋል። የመጀመሪያው ሞተር መጠኑ 2 ሊትር፣ ኃይሉም 130 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በማራገቢያ ነፋስ ነበር።

ነገር ግን ክብደቱ ወደ ኋላ ስላደላ፣ በኩርባ መንገድ ላይ ጅራቷ እየከዳ ነጂውን ያስቸግር ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ በ1968 በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት በ57 ሚሊሜትር አስረዘሙት። በ1974 ደግሞ በፓሪስ የቀረበችው «ቱርቦ» የሞተሩን ጭስ ለሥራ አዋለችው፤ ጭሱ መዘውር እያዞረ ተጨማሪ አየር ወደ ሲሊንደሮቹ ስለሚገፋ፣ ከ3 ሊትር ሞተር 260 የፈረስ ጉልበት ተገኘ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን የኩባንያው ሹማምንት «የ911 ዘመን አልፏል» ብለው፣ ሞተሯ ከፊት በሆነው በ928 ሊተኳት አሰቡ። በ1981 የኩባንያው ኃላፊ የሆኑት ፒተር ሹትዝ ሐሳቡን ሻሩት፤ 911ም ከሞት ተረፈች።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1997 ነው። የጭስና የድምፅ ሕግ እየጠበቀ ስለ ሄደ፣ ነፋሱ ቀርቶ ሞተሩ በውሃ እንዲቀዘቅዝ ተደረገ፤ ኃይሉም 300 የፈረስ ጉልበት ደረሰ። ወዳጆቿ አጉረመረሙ። ከሁሉ ይልቅ ያስከፋቸው ክቡ መብራት ቅርጹን መለወጡ ነበር። በ2004 ክቡ መብራት ተመለሰ፤ ነፋሱ ግን አልተመለሰም። በ2024 ደግሞ ከቤንዚን ሞተሩ ጋር የኤሌክትሪክ ሞተር የተጣመረላት 911 ወጣች።

ተማሪዬ ይህን ሰምቶ፣ «ታዲያ ሞተሩ ከኋላ መሆኑ ችግር ካመጣ፣ ለምን ወደ ፊት አላዛወሩትም?» አለኝ።

«928 ያደረገችው ይህንኑ ነበር» አልሁት። «ሥራዋ በ1995 ቆመ። 911 ግን ጉድለቷ በየጊዜው እየታረመ እስከ ዛሬ ትሠራለች። ውሃው የመጣው ሥራው ግድ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ጸና። መብራቱን ለመለወጥ ግን ያን ያህል ግድ አልነበረም፤ ስለዚህ ወደ ነበረበት ተመለሰ።»