ከማብላያው ጉድጓድ እስከ ማድቤት፦ የባዮጋዝ ምድጃ ተከላና ጥንቃቄው

በወላይታ ዞን የዳሞት ሶሬ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ጉኑኖና በዙሪያዋ በሚገኙ የገጠር ቀበሌዎች የከብት እበት የሚጣል ቆሻሻ አይደለም። በወላይታ አርሶ አደር ዘንድ «ዳርኩዋ» ተብሎ የሚጠራው የቤት ዙሪያ መሬት ለምነቱን የሚያገኘው ከበረት እየተጠረገ ከእንሰቱ ሥር ከሚውለው እበት ነው። በመሆኑም አንድ ቤተሰብ በግቢው የባዮጋዝ ማብላያ እንዲገነባ ሲጠየቅ ከምድጃው በፊት ስለ እንሰቱ ቢጠይቅ ተገቢ ነው።

ለጥያቄው ምላሽ አለ። ማብላያው ከእበቱ የሚወስደው ለማገዶነት የሚያገለግለውን ጋዝ ሲሆን፤ ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም የተባሉት የተክል ምግቦች በአብዛኛው በተረፈ ምርቱ ውስጥ ቀርተው ወደ ጓሮው ይመለሳሉ። ይህ የሚሆነው ግን ማብላያው እስከሠራ ድረስ ብቻ ነው። ምድጃው መንደድ ካቆመ ቤተሰቡ ወደ እንጨት ማገዶ ይመለሳል፤ ለግንባታው ያወጣው ገንዘብና እበት ለመሰብሰብ፣ ውኃ ለመቅዳት ያፈሰሰው ጉልበትም ይባክናል። ስለዚህ በባዮጋዝ ሥራ ዋናው መለኪያ የተቆፈረው ጉድጓድ ብዛት ሳይሆን በየማድቤቱ ያለ አደጋ የሚነደው ምድጃ ሊሆን ይገባል።

የቴክኖሎጂው አመጣጥ

ባዮጋዝ ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የመጀመሪያው ማብላያ በ1950 ዓ.ም ገደማ በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተገንብቷል። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት በተለያዩ ተቋማትና በግለሰብ ግቢዎች በርካታ ማብላያዎች ቢሠሩም፤ ብዙዎቹ በክትትልና በጥገና እጦት አገልግሎት መስጠት አቁመዋል።

ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በ2001 ዓ.ም ወደ ሥራ የገባው ኤስ ኤን ቪ እና ሂቮስ በተባሉት የኔዘርላንድስ የልማት ድርጅቶች ድጋፍ ሲሆን፤ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው ደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ተጀምሯል። ወላይታ በወቅቱ በዚህ ክልል ሥር የነበረ ሲሆን፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ሆኗል። ፕሮግራሙ በመጀመሪያው ምዕራፍ 14,000 ማብላያዎችን ለመገንባት አቅዶ ከ8,000 በላይ ገንብቷል። የተመረጠው የአሠራር ዓይነት በኔፓል ለረጅም ጊዜ ከተሠራበት ባለ ጉልላት ማብላያ ተወስዶ ለአገሪቱ ሁኔታ የተስማማና «ስንዱ» የሚል ስያሜ የተሰጠው ነው።

ቴክኖሎጂው ትኩረት ያገኘበት አንዱ ምክንያት ጤና ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በቤት ውስጥ በሚነድ ማገዶና መሰል ነዳጅ ጭስ ሳቢያ በ2020 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። የጭሱ ጉዳት ይበልጥ የሚያርፈው ማድቤት በሚውሉት ሴቶችና ሕፃናት ላይ ነው።

መጠንና ቦታ አመራረጥ

የማብላያው መጠን መወሰን ያለበት በቤተሰቡ ፍላጎት ሳይሆን በየዕለቱ በሚገኘው እበት ነው። ለአንድ ሜትር ኩብ የማብላያ መጠን በቀን 6 ኪሎ ግራም ገደማ እበትና ተመጣጣኝ ውኃ ያስፈልጋል። በዚህ ስሌት ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ በቀን 36 ኪሎ ግራም እበትና 36 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። ከአንድ ኪሎ ግራም እበት 40 ሊትር ያህል ጋዝ ስለሚገኝ የዕለቱ ምርት 1,400 ሊትር ገደማ ይሆናል። አንድ የቤት ምድጃ በሰዓት 400 ሊትር ያህል ጋዝ የሚያነድ በመሆኑ ይህ መጠን ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ያገለግላል።

በበረት የሚውል አንድ ከብት በቀን 10 ኪሎ ግራም ያህል እበት ይሰጣል። ለዚህም ነው ለተጠቃሚነት ቢያንስ አራት ከብት እንደ መነሻ የሚወሰደው። እንደ ወላይታ ሕዝብ በብዛት በሰፈረበትና የእርሻ ይዞታ በጠበበበት አካባቢ ይህን መሥፈርት የማያሟሉ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ሁለት ከብት ላለው ቤተሰብ ትልቅ ማብላያ መገንባት የሚያስከትለው ባዶ ጉልላት ነው። የእበቱ መጠን 24 ኪሎ ግራም ከሆነ ባለ 4 ሜትር ኩብ ማብላያ ተገቢ ሲሆን፤ ከዚህም ካነሰ የተሻሻለ የማገዶ ቆጣቢ ምድጃ መምረጥ የተሻለ ነው። ውኃው ከሩቅ የሚቀዳ ከሆነም ማብላያውን የመመገቡ ሥራ በእናቶችና በልጃገረዶች ላይ ተጨማሪ ጫና እንደሚሆን ቀድሞ ማጤን ያሻል።

ማብላያው ከውኃ ጉድጓድና ከምንጭ ቢያንስ 10 ሜትር፣ ከቤት መሠረት ቢያንስ 2 ሜትር ርቆ መገንባት አለበት። ሥራቸው ግንቡን ሊሰነጥቅ ከሚችል ትልልቅ ዛፎችም መራቅ ይኖርበታል። በሌላ በኩል ከማድቤቱ በጣም ከራቀ የቧንቧው ወጪና የጋዝ መፍሰስ ዕድል ስለሚጨምር በ20 ሜትር ክልል ውስጥ ቢሆን ይመረጣል።

የጋዝ መስመርና የምድጃ ተከላ

ከጉልላቱ የሚወጣው ቧንቧ ዋና መዝጊያ ቫልቭ የሚገጠምለት ሲሆን፤ በጉልላቱና በቫልቩ መካከል ሌላ መጋጠሚያ ሊኖር አይገባም። በዚህ ቦታ የሚፈስ ጋዝ በምንም መዝጊያ ሊቆም አይችልም። ወደ ማድቤት የሚሄደው መስመር ከ30 ሴንቲ ሜትር ባላነሰ ጥልቀት ተቀብሮ ወደ አንድ ዝቅተኛ ቦታ እንዲያዘነብል ይደረጋል። ባዮጋዝ እርጥበት የያዘ በመሆኑ በቧንቧው ውስጥ ውኃ ይጠራቀማል። በዝቅተኛው ቦታ ላይ የውኃ ማስወገጃ ካልተገጠመ ውኃው መስመሩን ይዘጋና ምድጃው ጋዝ እያለ አልነድ ይላል። ብዙ ጊዜ «ማብላያው ተበላሸ» የሚባለው በዚህ ቀላል ምክንያት ጭምር ነው።

ምድጃው በማይቃጠልና በተስተካከለ መደብ ላይ፣ ከሳርና ከእንጨት ግድግዳ፣ ከመጋረጃና ከማገዶ ክምር ርቆ ይቀመጣል። የመዝጊያው ቦታ እጅ በነበልባሉ ላይ ሳያልፍ በቀላሉ የሚደረስበት ሊሆን ይገባል። መዝጊያውንና ምድጃውን የሚያገናኘው ለጋዝ የተሠራ ጎማ ቱቦ አጭር፣ ያልተጣጠፈ፣ በሁለቱም ጫፎች በማሰሪያ የጠበቀ መሆን አለበት። ለውኃ ማጠጫ የሚያገለግል ፕላስቲክ ቱቦ ለዚህ ተግባር አይውልም።

ተከላው እንደተጠናቀቀ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ። አረፋው ከተነፋ ጋዝ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው። ይህን ፍተሻ በክብሪት ወይም በሻማ ማድረግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ማብላያው ለመጀመሪያ ጊዜ ተሞልቶ ጋዝ መስጠት ሲጀምር በውስጡ አየርና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚበዛ፤ የመጀመሪያው ጋዝ እሳት በሌለበት ሜዳ ላይ እንዲወጣ ይደረጋል። ጋዙን በቧንቧው አፍ ላይ ለኩሶ መሞከር እሳቱን ወደ ጉልላቱ ሊመልሰው ስለሚችል አደገኛ ነው።

የዕለት ተዕለት አጠቃቀም

ከእንጨት ማገዶ ወደ ጋዝ የሚሸጋገር ቤተሰብ ሊተዋቸው የሚገቡ ልማዶች አሉ። የእንጨት እሳት በጭሱ ያስታውቃል፤ ቢጠፋም የሚተርፈው ፍም ነው። የጋዝ ምድጃ ግን ወጥ ገንፍሎ ወይም ንፋስ መትቶት ሲጠፋ ጋዙ መውጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ምድጃውን ለኩሶ ወደ ገበያ ወይም ወደ ጓሮ መሄድ ተገቢ አይደለም።

በሚለኮስበት ጊዜ ክብሪቱ ቀድሞ ይጫራል፤ መዝጊያው ከዚያ በኋላ ይከፈታል። መዝጊያውን አስቀድሞ ከፍቶ ክብሪት መፈለግ ጋዝ በክፍሉ ውስጥ እንዲጠራቀም ያደርጋል። ሚቴን በአየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲደርስ በትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ የሚችል ነው። ጤናማ ነበልባል ሰማያዊ ነው። ቢጫ ከሆነና ድስት የሚያጠቁር ከሆነ የአየር ማስገቢያው ይስተካከላል፤ የነበልባል ቀዳዳዎቹም ይጸዳሉ። ምግብ ተሠርቶ ሲያበቃ የምድጃው መዝጊያ፣ ማታ ደግሞ ዋናው ቫልቭ ይዘጋል።

መደበኛው የባዮጋዝ ምድጃ ጎመን፣ ጎደሬና ስኳር ድንች ለመቀቀል፣ ወጥ ለመሥራትና ቡና ለማፍላት ይበቃል። እንጀራና ሰፊ ቂጣ ለመጋገር ግን አመቺ ባለመሆኑ ቤተሰቡ ለዚሁ ሌላ ምድጃ እንደሚያስፈልገው ከጅምሩ ሊነገረው ይገባል።

ማድቤቱ አየር የሚያስገባ መሆን አለበት። በታፈነ ክፍል ውስጥ የሚነድ ማንኛውም ምድጃ ሽታ የሌለውን መርዛማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊፈጥር ይችላል። ባዮጋዝ ከአየር መጠነኛ ቅለት ስላለው መውጫው ከጣሪያ ሥር ቢሆን ይመረጣል።

የበሰበሰ እንቁላል ዓይነት ሽታ ከተሰማ ጋዝ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ መዝጊያዎቹ ይዘጋሉ፤ በርና መስኮት ይከፈታል፤ ቤተሰቡም ይወጣል። ክብሪት መጫር፣ ሲጋራ ማጨስ፣ መብራት ማብራትም ሆነ ማጥፋት አይፈቀድም።

ከሁሉም በላይ የከፋው አደጋ ያለው በማብላያው ውስጥ ነው። የተዘጋ ማብላያን ለመጠገን ወይም የወደቀ ዕቃ ለማውጣት ወደ ውስጥ የሚገባ ሰው በኦክስጅን እጦትና በሃይድሮጂን ሰልፋይድ በደቂቃዎች ውስጥ ራሱን ሊስትና ሊሞት ይችላል። እርሱን ለማዳን ተከትሎ የሚገባውም ለተመሳሳይ አደጋ ይጋለጣል። ሃይድሮጂን ሰልፋይድ መጠኑ ሲጨምር የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ «ሽታው ጠፍቷል» ብሎ መግባት አያዋጣም። የማብላያው ክዳኖችም ሕፃናት ሊያነሷቸው የማይችሉ መሆን አለባቸው።

በሲሊንደር ጋዝ ለሚጠቀሙ

በጉኑኖም ሆነ በወላይታ ሶዶ ከተማ በሲሊንደር የሚሸጠውን ጋዝ ለሚጠቀሙ ነዋሪዎች አብዛኛው ጥንቃቄ ተመሳሳይ ቢሆንም አንድ መሠረታዊ ልዩነት አለ። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲፈስ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ የአየር መውጫው ከወለሉ አጠገብ መሆን ይኖርበታል፤ ሲሊንደሩም ቀጥ ብሎ፣ የሚቻል ከሆነ ከቤት ውጭ በጥላ ሥር ይቀመጣል።

በቁም ሳጥን ውስጥ የሚገጠም ኦቨን የሚያስተክሉ ሰዎች አምራቹ ያዘዘውን የአየር ክፍተት ከጀርባና ከጎን መተው፣ ቱቦው የኦቨኑን ትኩስ ጀርባ እንዳይነካ ማድረግ፣ ሲለኩሱም በሩን ከፍተው መሆን አለበት። ለሲሊንደር ጋዝ የተሠራ ምድጃ የጋዝ ቀዳዳው ጠባብ በመሆኑ፤ በባለሙያ ሳይስተካከል ከባዮጋዝ መስመር ጋር ማገናኘት አይገባም።

ወደ እንሰቱ የሚመለሰው

ጉኑኖ በአፈር ጥናት ታሪክ ስሟ የሚነሳ አካባቢ ናት። በ1970ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ በስዊዘርላንድ ድጋፍ በአገሪቱ ከተቋቋሙት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያዎች አንዱ የተመሠረተው በዚሁ ነው። የአፈር ለምነት ጉዳይ ለአካባቢው ምን ያህል አንገብጋቢ እንደሆነ ይህ ያሳያል።

ከማብላያው የሚወጣው ተረፈ ምርት የያዘው ናይትሮጂን ከጥሬ እበት ይልቅ ለተክል ቶሎ የሚደርስ ቢሆንም በፀሐይና በንፋስ በቀላሉ ይባክናል። በመሆኑም በጥላ ሥር በተዘጋጀ ጉድጓድ ከቅጠላ ቅጠል ጋር ተደባልቆ ኮምፖስት ሊሆን፣ ወይም ሳይደርቅ ከእንሰቱ ሥር ገብቶ አፈር ሊለብስ ይገባል። ወደ ቦይ እንዲፈስ የተተወ እንደሆነ ግን የአርሶ አደሩ የመጀመሪያ ሥጋት እውን ይሆናል።

ከአመራሩ የሚጠበቀው

በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ያሉ የሥራ ኃላፊዎች የርክክብ ሰነድ ከመፈረማቸው በፊት ማድቤት ድረስ መግባት ይኖርባቸዋል። ምድጃው በሰማያዊ ነበልባል መንደዱን፣ መጋጠሚያዎቹ በሳሙና መፈተሻቸውን፣ የውኃ ማስወገጃው መገጠሙን፣ የአየር መውጫ መኖሩን ማየት ከአንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። ሥልጠናውም ለአባወራው ብቻ ሳይሆን ምድጃውን በየቀኑ ለምትለኩሰው እናት መሰጠት አለበት። የተሰነጠቀ ቱቦ ወይም ቫልቭ የሚተካ መለዋወጫና የሚጠግን ባለሙያ በአቅራቢያ እንዲገኝ ማድረግም የመንግሥት አካላትና የአነስተኛ ኢንተርፕራይዞች የጋራ ኃላፊነት ነው።

ርክክቡ ከተፈጸመ ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላ ተመልሶ መጎብኘት ደግሞ ለሪፖርቱ እውነተኛውን ቁጥር ይሰጠዋል። በሪፖርት ላይ «ተገንብቷል» የሚለው ቃል ስለ ጉድጓዱ ብቻ የሚናገር ነው። እበቱን ለማብላያው አምኖ የሰጠው ቤተሰብ የሚጠብቀው ግን ሁለት ነገር ነው፤ ጭስ የሌለበት ማድቤትና ለምነቱን ያላጣ የእንሰት ጓሮ።