የወረቀት ጣሳ ማሸጊያ፣ መክደኛና መለያ መለጠፊያ መሣሪያዎች አመራረጥ

የወረቀት ጣሳ ማለት ግድግዳው ከተደራረበ ወፍራም ወረቀት፣ የውስጥ ገጹ ደግሞ ከስስ የአሉሚኒየም ፎይልና ከፕላስቲክ የተሠራ ክብ የማሸጊያ ዕቃ ነው። ታቹ ብዙውን ጊዜ በብረት ክዳን ይዘጋል። የድንች ጥብስ፣ የወተት ዱቄት፣ ቡና፣ ሻይ፣ ለውዝና ቅመማ ቅመም ይታሸጉበታል። ምርቱ ከተሞላ በኋላ ሦስት ሥራዎች ይቀራሉ፦ ማሸግ፣ መክደን፣ እንዲሁም በተለምዶ ሌብል የሚባለውን መለያ መለጠፍ። ለእያንዳንዱ ሥራ የተለያዩ መሣሪያዎች አሉ።

ብዙ ጊዜ ስህተት የሚፈጠረው ምርጫው ከማሽኑ ዋጋና ፍጥነት ሲጀምር ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የተገላቢጦሽ ነው፦ ምርቱ ከምን መጠበቅ እንዳለበት የእሽጉን ዓይነት ይወስናል፤ እሽጉ የጣሳውን አፍ ይወስናል፤ የጣሳው አፍ ደግሞ ማሽኑን ይወስናል።

የጣሳው አሠራር

በጣም የተለመደው የወረቀት ጣሳ የሚሠራው ረጃጅም የወረቀት ጥቅሎችን በብረት ዘንግ ላይ አግድም በመጠምዘዝና እርስ በርስ በሙጫ በማጣበቅ ነው። የተገኘው ቱቦ በሚፈለገው ቁመት ይቆረጣል፤ ከዚያ ጠርዙ ወደ ውጭ ይጠቀለላል ወይም ክዳን እንዲይዝ ይዘረጋል። ወረቀቱ ጥንካሬ ይሰጣል፤ እርጥበትንና አየርን የሚከለክለው ግን የውስጡ ፎይልና ፕላስቲክ ነው።

በዓለም እጅግ ከታወቁት የወረቀት ጣሳዎች አንዱ የፕሪንግልስ ጣሳ ነው። አሜሪካዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ባውር ለፕሮክተር ኤንድ ጋምብል ኩባንያ ሲሠሩ እ.ኤ.አ. በ1966 የፈጠራ ባለቤትነት ማመልከቻ አስገቡ፤ መብቱም በ1970 ተሰጠ። ባውር በ2008 ሲያርፉ በምኞታቸው መሠረት ከአስከሬናቸው አመድ ከፊሉ በፕሪንግልስ ጣሳ ውስጥ ተደርጎ ተቀብሯል።

ምርቱ ከምን ይጠበቅ?

ሁሉም ምርት አንድ ዓይነት ጠላት የለውም። ሽሮና በርበሬ በዋነኛነት የሚጎዱት በእርጥበት ነው፤ እርጥበት ዱቄቱን ያጓጉላል፣ ለሻጋታም መንገድ ይከፍታል። ለውዝ፣ የድንች ጥብስና ቅባት ያለው የወተት ዱቄት ከእርጥበት በተጨማሪ ኦክስጅንን ይፈራሉ፤ ቅባቱ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ ምርቱ የቆየ ዘይት ጣዕም ያመጣል። ሻይ መዓዛውን እንዳያጣና የሌላ ነገር ሽታ እንዳይስብ ይፈለጋል።

የተቆላ ቡና ደግሞ ሁለት ተቃራኒ ፍላጎቶች አሉት። ኦክስጅን እንዳይገባበት መታሸግ አለበት፤ ነገር ግን ከተቆላ በኋላ ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ወዲያው በጥብቅ ከታሸገ ጋዙ ሽፋኑን ወደ ላይ ይነፋዋል። ስለዚህ ወይ ጋዙ እስኪቀንስ ማቆየት፣ ወይም ጋዝ የሚያስወጣ አየር ግን የማያስገባ ባለአንድ አቅጣጫ ቫልቭ ያለው ሽፋን መጠቀም ያስፈልጋል።

የማሸግ ዘዴዎች

በሙቀት ማጣበቅ፦ በጣት ተስቦ የሚላጥ የፎይል ሽፋን በጣሳው ጠርዝ ላይ ይደረግና የጋለ ሳህን ከላይ ይጫነዋል። በፎይሉ ሥር ያለው ፕላስቲክ ይቀልጥና ከጠርዙ ጋር ይጣበቃል። የእሽጉ ጥራት በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታል፦ በሙቀት፣ በግፊትና በጊዜ። ሙቀቱ ካነሰ ሽፋኑ በቀላሉ ይለቃል፤ ከበዛ ፕላስቲኩ ይሸሻል ወይም ወረቀቱ ይቃጠላል። ዱቄት ለሚያሽግ ሰው ሌላም ችግር አለ፤ ጠርዙ ላይ የቀረ ብናኝ ፕላስቲኩ እንዳይገናኝ ያደርጋል። በዚህ ምክንያት ከማሸጊያው በፊት ጠርዙን በብሩሽ ወይም አየር በመሳብ የሚያጸዳ ክፍል ያለው ማሽን ይመረጣል።

በኢንዳክሽን ማጣበቅ፦ ሽፋኑን የሚያግለው የጋለ ሳህን ሳይሆን በፍጥነት የሚለዋወጥ የመግነጢስ መስክ ነው። መስኩ በፎይሉ ውስጥ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥራል፤ ፎይሉ ራሱ ይግልና ፕላስቲኩን ያቀልጣል። ጥቅሙ በፕላስቲክ ክዳን ሥር ያለውን ሽፋን እንኳ ሳይነኩ ማሸግ መቻሉ ነው። ነገር ግን የጣሳው ጠርዝ የብረት ቀለበት ካለው ብረቱም ስለሚግል ዘዴው ላይስማማ ይችላል።

ድርብ እጥፋት፦ የብረት ክዳን የሚገጠመው በዚህ ዘዴ ነው። ማሽኑ ክዳኑን ከላይ ይይዛል፣ ጣሳውን ከታች ይደግፋል፣ ከዚያም ሁለት ዓይነት ሮለሮች በተራ ይሠራሉ። የመጀመሪያው የክዳኑን ጫፍ ከጣሳው ጠርዝ ሥር ያጥፈዋል፤ ሁለተኛው እጥፋቱን ጨምቆ ያጠብቀዋል። ይህ ዘዴ ከብረት ቆርቆሮ የተወረሰ ነው፤ ለወረቀት ግን የተለየ ማስተካከያ ይፈልጋል። ለብረት የተስተካከለ ግፊት የወረቀቱን ጠርዝ ሊቆርጠው ወይም ግድግዳውን ሊያጨማድደው ይችላል። ስለዚህ የሻጩ ማሽን ቆርቆሮ ይዘጋል ማለት የወረቀት ጣሳ ይዘጋል ማለት አይደለም።

ጣሳውን የሚያሽከረክሩና ጣሳው ቆሞ ሮለሮቹ የሚዞሩበት ሁለት ዓይነት ማሽኖች አሉ። ሁለተኛው ዓይነት ይዘቱን ስለማይበትን በተለይ አፉ ድረስ ለተሞላ ምርት ይመቻል።

አየርን ማውጣት

አየር ውስጥ ወደ 21 በመቶ የሚሆነው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅንን ለሚፈሩ ምርቶች ከመታሸጋቸው በፊት አየሩ በናይትሮጅን ይተካል። ቀላሉ መንገድ ጣሳው በማጓጓዣው ላይ ሲያልፍ ናይትሮጅን መንፋት ነው። ይህ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ ያጥባል፤ በዱቄቱ ቅንጣቶች መካከል የተደበቀውን አየር ግን በደንብ አያወጣም። ጥብቅ ለሆነ ፍላጎት ጣሳው በዝግ ክፍል ውስጥ ገብቶ አየሩ ተስቦ ይወጣል፣ ናይትሮጅን ይሞላል፣ እዚያው ይታሸጋል። አየሩ በጣም በፍጥነት ከተሳበ ዱቄቱ አብሮ ይነሳል፤ ስለሆነም የመሳቢያው ፍጥነት የሚስተካከል መሆን አለበት።

ጣሳውን ባዶ አየር አድርጎ ማሸግ ግን ለወረቀት አይመከርም። ከውጭ ያለው አየር ግድግዳውን ወደ ውስጥ ይጫነዋልና።

የቦታ ከፍታ

የአየር ግፊት ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ ወደ 101 ኪሎፓስካል የሆነው ግፊት ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ ወደ 76 ኪሎፓስካል ይወርዳል። ልዩነቱ 25 ኪሎፓስካል ያህል ነው። ይህ ግፊት 99 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ሽፋን ላይ ሲያርፍ ወደ 20 ኪሎግራም ክብደት ከመሸከም ጋር ይመሳሰላል።

ውጤቱ እንደ ጉዞው አቅጣጫ ይለያያል። በባሕር ዳርቻ አገር የታሸገ የወተት ዱቄት ወደ አዲስ አበባ ሲወጣ ሽፋኑ ወደ ላይ ይነፋል፤ እሽጉ ደካማ ከሆነም ይላቀቃል። አዲስ አበባ ላይ የታሸገ ቡና ወደ ጅቡቲ ወደብ ሲወርድ በተቃራኒው ግድግዳውና ሽፋኑ ወደ ውስጥ ይጫናሉ። በፋብሪካው እንከን የሌለው የሚመስል ጣሳ በጉዞ ላይ የሚበላሸው በዚህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ጠንካራ ግድግዳ መምረጥ፣ ጥቂት መንቀሳቀስ የሚችል ሽፋን መጠቀምና እሽጉን ምርቱ በሚደርስበት ቦታ ግፊት መሞከር ነው።

ክዳን መግጠሚያ

ከፎይሉ በላይ የሚገጠመው የፕላስቲክ ክዳን ሥራው ምርቱን ማሸግ አይደለም፤ ተጠቃሚው ከከፈተ በኋላ መልሶ እንዲዘጋው ነው። ስለዚህ ክዳን መግጠሚያው ከማሸጊያው ያነሰ ትክክለኛነት ቢኖረው ምርቱ ወዲያው አይበላሽም። በቀን ጥቂት መቶ ጣሳ ለሚያመርት ድርጅት በእጅ መግጠም ይበቃል።

በአውቶማቲክ ማሽን ላይ ዋናው እንቅፋት መጫኑ ሳይሆን ክዳኖቹን ከክምር አንድ በአንድ መለየት ነው። እርስ በርስ የተዋጡ ክዳኖች ሁለት ሁለት ሆነው ይወጣሉ፤ ማሽኑም ይቆማል። የክዳኑ አሠራር ለመደራረብ የተስማማ መሆኑን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ለሻይ በሚያገለግሉ የወረቀት ክዳኖች ደግሞ ሌላ ነገር ይታያል። ክዳኑ በፍጥነት ሲጫን ከሥሩ ያለው አየር ይታመቅና መልሶ ያነሳዋል፤ ቀስ ብሎ የሚጫን ማሽን ይሻላል።

መለያ መለጠፊያ

የመጀመሪያው ጥያቄ መለጠፊያ ያስፈልጋል ወይ የሚለው ነው። ብዙ የወረቀት ጣሳዎች የታተመውን የላይ ወረቀት ለብሰው ከጣሳ አምራቹ ይመጣሉ። አንድ ዓይነት ምርት በብዛት የሚያሽግ ፋብሪካ መለጠፊያ ላያስፈልገው ይችላል። ጥቂት ጥቂት እያደረገ ብዙ ዓይነት ምርት የሚያሽግ ግን ባዶ ጣሳ ገዝቶ ራሱ ቢለጥፍ የማይሸጥ የታተመ ጣሳ አይከማችበትም።

ለአነስተኛ ድርጅት የሚመቸው ሙጫው ከጀርባው ያለ ጥቅል መለያ የሚለጥፍ ማሽን ነው። የመለያው ርዝመት ከጣሳው ዙሪያ ይሰላል። የውጭ ዲያሜትሩ 101 ሚሊሜትር ከሆነ ዙሪያው ወደ 317 ሚሊሜትር ነው፤ ለመደራረቢያ ጥቂት ሚሊሜትር ይጨመርበታል። መለያው ተጣሞ ከተለጠፈ ከወረቀት ላይ ሲነሳ ጣሳውን ይልጣል፤ ስለዚህ ጣሳውን በትክክል የሚመራ ማሽን ከፈጣን ማሽን ይበልጣል። በእንፋሎት ሙቀት የሚሸበሸብ የፕላስቲክ መለያ እንፋሎቱ ወረቀቱን ሊያርስ ስለሚችል ለወረቀት ጣሳ ብዙም አይመችም።

መለያው ማስታወቂያ ብቻ አይደለም። ኮዴክስ አሊመንታሪየስ የተባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መመዘኛ የምርቱ ስም፣ ይዘቱ፣ የተጣራ ክብደቱ፣ የአምራቹ አድራሻ፣ የምርት ምድብ ቁጥርና ቀን እንዲጻፉ ይጠይቃል። ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚላክ ምግብ በደንብ ቁጥር 1169/2011 መሠረት በአብዛኛው የንዑስ ፊደሉ ቁመት ቢያንስ 1.2 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ቡና ወይም በርበሬ ወደዚያ ለመላክ የሚያስብ ሰው የመለያውን ስፋት ከዚህ ተነስቶ ይወስናል። በቀጭን ጣሳ ላይ ባርኮዱ እንደ መሰላል ርብራብ ተደርድሮ ቢታተም የጣሳው ክብነት ንባቡን አያውክም።

መጠን፣ ፍጥነትና ኃይል

የጣሳ መጠን ሁለት አጠራር አለው። 401 ማለት 4 ኢንችና የኢንች አንድ አሥራ ስድስተኛ ነው፤ ይህም ከተገጠመው ክዳን ጫፍ እስከ ጫፍ ወደ 103 ሚሊሜትር ይሆናል። ይኸው ጣሳ በሜትሪክ 99 ይባላል፤ ቁጥሩ የውስጥ ዲያሜትሩን ያመለክታልና። በተመሳሳይ 300 የሚባለው 73 ነው። ሁለቱን አጠራሮች ያደባለቀ ትዕዛዝ የማይገጥም መሣሪያ ሊያስመጣ ይችላል።

የመስመሩ ፍጥነት የሚወሰነው በጣም ቀርፋፋ በሆነው ማሽን ነው። በቀን 5,000 ጣሳ ለማሸግ፣ ከ8 ሰዓት ውስጥ 6ቱ ብቻ በትክክል የሚሠራባቸው ቢሆኑ፣ በደቂቃ 14 ጣሳ ይበቃል። ለዚህ በደቂቃ 60 የሚያሽግ ማሽን መግዛት ገንዘብን ያለ ሥራ ማስቀመጥ ነው።

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ሞተር በቀጥታ ቢገናኝ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል። መብራት ሲቋረጥ የሙቀት ሳህን ይቀዘቅዛል፤ ሙቀቱ በቂ እስኪሆን ማሸግን የሚከለክል መቆጣጠሪያ ከሌለ ከመብራቱ መመለስ በኋላ የወጡት የመጀመሪያ ጣሳዎች በደንብ ሳይታሸጉ ገበያ ሊገቡ ይችላሉ። በከፍታ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ኮምፕሬሰርም ከተጻፈበት ያነሰ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ አቅም ያለው ይመረጣል።

ከግዢ በፊት የሚደረግ ሙከራ

ገዢው የራሱን ጣሳ፣ የራሱን ክዳንና የራሱን ምርት ወደ ሻጩ ልኮ ማሽኑ በእነሱ እንዲሞከር መጠየቅ ይገባዋል። ባዶ ጣሳ ሲታሸግ ማየት ስለ ብናኝ ምንም አይናገርም። ከሙከራው የተገኙ ጣሳዎች ላይ የሚከተሉት ይታያሉ፦

- ሽፋኑ ሲላጥ በጠርዙ ዙሪያ ሁሉ እኩል የተጣበቀ መሆኑ፤
- ድርብ እጥፋቱ ተቆርጦ ሲለካ ሁለቱ ጠርዞች በበቂ ሁኔታ መያያዛቸው፤
- ጣሳው ግፊቱ በ25 ኪሎፓስካል በሚቀንስበት ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ አለመላቀቁ፤
- በናይትሮጅን ከታሸገ በውስጡ የቀረው ኦክስጅን መጠን፤
- ለተለያዩ መጠኖች የሚያስፈልጉ መለዋወጫዎች ዋጋና ለመቀየር የሚወስደው ጊዜ።

በጀት ሲያንስ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው። ክዳንና መለያ ለጊዜው በእጅ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ጉድለታቸውም በዓይን ይታያል። የእሽግ ጉድለት ግን የሚታወቀው ከሳምንታት በኋላ በገዢው ቤት ነው። ስለዚህ ገንዘቡ በቅድሚያ የሚውለው በማሸጊያው ላይ ነው።