«አግብተሃል ወይ?» ሲሉህ «ገና» በል!

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ቋንቋ ነው። መሀል ላይ የፍቅር ጉዳይ ብታገኙ ግን እንዳትገረሙ።

ለጥቂት ወራት ሥልጠና ኢንዶኔዥያ፣ ዮግያካርታ ወደምትባል ከተማ የሄድኩት እጮኛዬ ቀለበቴን በመለሰችልኝ በሁለተኛው ወር ነበር። «እንግሊዝኛ እችል የለ!» ብዬ አንድም ቃል ሳላጠና ተነሳሁ። ፋራነቴ የታወቀኝ በመጀመሪያው ቀን ነው። የውሃ ጠርሙስ ላይ በእንግሊዝኛ «አየር» የሚል ቃል አነበብኩና «እዚህ አገር አየርም ይሸጣል እንዴ?» አልኩ። ለካስ «አ-ኢር» በእነሱ ውሃ ነው! ፊደሉ ያው የላቲን ነው፤ ንባቡና ትርጉሙ ግን ለየቅል። «ሲ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል እንኳ «ች» ብለው ነው የሚያነቧት።

ከ700 በላይ ቋንቋዎች ባሉበት በዚያ አገር፣ ይህን ቋንቋ የአንድነት ቋንቋችን ብለው ቃል የገቡት ወጣቶች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1928።

እኔን ያስተማሩኝ ግን ቤት ያከራዩኝ ሴትዮ ናቸው። መጀመሪያ ያረሙኝ «ካሙ» ስላልኳቸው ነው። «ካሙ» ለእኩያ የሚባል «አንተ» ወይም «አንቺ» ነው። ትልቅ ሴት «ኢቡ»፣ ባጭሩ «ቡ» ትባላለች፤ ወንዱ ደግሞ «ፓክ»። እናቴ፣ አባቴ እንደ ማለት ነው። አይገርምም? «እርስዎ» እያልኩ አድጌ እንግሊዝኛው አስረሳኝ!

ሰላምታው ቀላል ነው። ጠዋት «ሰላማት ፓጊ»፣ ቀትር ላይ «ሰላማት ሲያንግ»፣ ወደ ማታ ሲል «ሰላማት ሶሬ»፣ ሲመሽ «ሰላማት ማላም»። «ሰላማት» ከዓረብኛ የገባ ቃል ሲሆን ከእኛው «ሰላም» ጋር ዘመድ ነው። «ተሪማ ካሲህ» ብላችሁ ስታመሰግኑ መልሱ «ሳማ ሳማ» ነው። ገበያ ስትወጡ «በራፓ?» (ስንት ነው?) ትላላችሁ፤ ዋጋው ካልጣማችሁ «ማሃል!» (ውድ ነው!)። ቡና ያለ ስኳር የምትወዱ «ኮፒ ታንፓ ጉላ» በሉ፤ ያለዚያ ስኳሩን ሞልተው ሊያመጡላችሁ ይችላሉ።

ግሡ ደግሞ ምንም አያስቸግርም። «ማካን» መብላት ነው። በላሁ፣ በላች፣ እንበላለን... ሁሉም ያው «ማካን»! ጊዜውን የሚነግሩን ከጎኑ የሚቆሙ ቃላት ናቸው። «ሱዳህ» ካላችሁ ነገሩ ተፈጽሟል፤ «በሉም» ካላችሁ ገና ነው። «ቲዳክ» ግን አይ፣ አይደለም፣ የለም ነው። ልዩነቱን የተማርኩት እንዲህ ነው።

አንድ ማታ ሻይ እየጠጣን ሴትዮዋ «ሱዳህ መኒካህ?» አሉኝ። «ኒካህ» የምትለዋን ስሰማ ገባኝ፤ እኛም አገር «ኒካ» ታስሯል ይባል የለ? «አግብተሃል ወይ?» ማለታቸው ነው። ያ ቀለበት ትዝ አለኝና ሆዴ ቆጣ አለ። «ቲዳክ!» አልኳቸው ፍርጥም ብዬ።

ሴትዮዋ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ዝም አሉ። ቆይተው ግን እንደ ልጃቸው ትከሻዬን ነካ አድርገው «ቲዳክ አይባልም፤ በሉም በል» አሉኝ።

እዚያ አገር ይህን ጥያቄ የታክሲ ሾፌርም፣ ጉልት ላይ ያለች ሴትም ይጠይቃችኋል። ነገር ፍለጋ እንዳይመስላችሁ፤ መተዋወቂያ ነው። የሚጠበቀው መልስ «ሱዳህ» ወይም «በሉም» ነው። «ቲዳክ» ያለ ሰው በሩን ዘግቶ ቁልፉን የጣለ ያህል ይሰማቸዋል።

ከዚያ በኋላ ለጠየቀኝ ሁሉ «በሉም» አልኩ። መጀመሪያ ለወጉ ያህል ነበር። ስደጋግመው ግን፣ ምን ልበላችሁ፣ ከአፌ ወደ ልቤ ወረደ። አንድ ቀን ለአንድ ሹፌር «በሉም» ብዬ ስመልስ ፈገግ እያልኩ መሆኔ ታወቀኝ።

ልሸኝ ስል ሴትዮዋ «ሃቲ ሃቲ» አሉኝ፤ ተጠንቀቅ ማለት ነው። አንዱ «ሃቲ» ለብቻው ሲቆም ጉበት ነው፤ እኛ ልብ ወይም ሆድ የምንለውንም በእሱ ይጠሩታል።

እናንተም ቋንቋ ስትጀምሩ ከቃላቱ በፊት አክብሮቱን ተማሩ። ፍቅር ያጎደለባችሁ ደግሞ «በቃኝ» ለማለት አትቸኩሉ። እኔን ጎረቤት ዛሬም «አላገባህም እንዴ?» ይለኛል። ድሮ እቆጣ ነበር፤ አሁን «ገና ነኝ» እላለሁ።