ጓያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ነርቭ

«ነርቭን ከጉዳት የሚጠብቅ የአገራችን ዕፅዋት የቱ ነው?» ለምትሉኝ የሰቆጣ ወገኖቼ፣ መልሱ ከደጃችሁ ሩቅ አይደለም።

ከእናንተው ዋግ ኽምራ በስተደቡብ፣ በደላንታ ዳውንት፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ከደረሰው ድርቅ በኋላ ከ2000 በላይ ሰው በጓያ ሽባ ሆነ። ጓያ ድርቅ ይችላል፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ብቻ ይበላል። በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ እግርን የሚያዙትን የነርቭ ሴሎች ከልክ በላይ ያነቃቃል፤ ኦክሲዴሽን የሚያስከትለው ጉዳትም ይጨመርበትና ሴሉ ይሞታል። ጉልበት ይከብዳል፣ እግር ይገተራል፣ ሰውየው በጣቱ ጫፍ ይራመዳል። አብዛኞቹ ተጠቂዎች ወጣት ወንዶች ናቸው፤ የሚያድን መድኃኒት የለም። ይሄ ያንገበግበኛል፤ መከላከል ይቻል ነበርና።

ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ባልደረቦቹ በ2005 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ባሳተሙት ጥናት የጓያ ንፍሮ፣ ቆሎና ጥሬ እሸት አጋላጭ ሆነው ተገኙ። እንደ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያለ አንቲኦክሲዳንት ያለው ቅመም በገባበት ወጥ የበሉት ግን ተጋላጭነታቸው ቀነሰ። እህል መቀላቀሉም ጠቅሟል፦ በእህል ውስጥ ያሉት ድኝ ያለባቸው አሚኖ አሲዶች ሰውነት ግሉታታዮን የተባለውን የራሱን መከላከያ የሚሠራባቸው ናቸው።

ነጭ ሽንኩርት ከጓያ ጉዳት ጠበቀ ማለት ግን ለሌሎች የነርቭ በሽታዎች፣ ለምሳሌ ለአልዛይመር፣ መድኃኒት ተገኘ ማለት አይደለም። በላቦራቶሪ የሠራ ቅጠል ሁሉ አንጎል አይደርስም፤ «የመርሳት በሽታ ይፈውሳል» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት አትግዙ።

ጓያ ግድ ከሆነባችሁ ዘፍዝፋችሁ ውሃውን ድፉ፣ ከሌላ እህል ቀላቅሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱን አትንፈጉ። ጉልበቱ የከበደው ሰው ጓያውን ዛሬውኑ አቁሞ ጤና ጣቢያ ይሂድ።