የባልና የሚስት ጠብና እርቅ በልጆች ኑሮ ላይ ስለሚያደርሰው ነገር
(በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ)

ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጣርማ በርና ከደብረ ሲና ቁልቁለት በታች የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ማሽላና ማሾ ያመርታል፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙም ተጎራብቶ ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው የባልና የሚስት አኗኗር ልጆቻቸውን በምን መንገድ እንደሚነካ ነው።

ባልና ሚስት ሲጣሉ በአገሩ የተለመደው ሥርዓት የታወቀ ነው። ሚስት አኩርፋ ወደ ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች፤ ባል ሽማግሌ ይልካል፤ ሽማግሎችም ሁለቱን ወገን ሰምተው፣ በዳዩን አስክሰው ያስታርቃሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ የልጁ ነገር እንዴት ይሆናል? ጡት ያልጣለ እንደ ሆነ እናቱን ይከተላል። ከፍ ያለው ግን ብዙውን ጊዜ ከአባቱ ዘንድ ይቀራል፤ ከብቱን የሚያግድ፣ ማሽላው ሲያሽት ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ወፍ የሚጠብቅ እርሱ ነውና። ውሃ መቅዳቱና እንጨት መልቀሙ በሴቲቱ ልጅ ላይ ይወድቃል፤ ትምህርቷም በዚያው ይጓደላል።

ይህ በዓይን የሚታየው ጉዳት ነው። የማይታየውን በሚመለከት፣ ዴቪስና ካሚንግስ የተባሉ የሥነ ልቡና ሊቃውንት በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ ልጅ በወላጆቹ መካከል ያለውን ሰላም እንደ ራሱ መጠጊያ እንደሚቈጥረው አስረድተዋል። ልጅን አብዝቶ የሚጎዳው የሚደጋገምና መጨረሻ የሌለው ጠብ ነው፤ ወላጆቹ ሲታረቁ ያየ ልጅ ካላየው ይልቅ ይረጋጋል። ስለዚህ በአንድ ጣራ ሥር ተኳርፈው እየኖሩ፣ «ለአባትህ እንዲህ በለው፤ ለእናትህ እንዲህ በላት» በማለት ልጁን መልእክተኛ የሚያደርጉ ወላጆች፣ ተነጋግረው ከሚታረቁት ይልቅ የከበደ ሸክም ሊጭኑበት ይችላሉ። ሚስትን ወደ ዱላ የሚመልስ እርቅ ግን እርቅ አይባልም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን ጥቃት ያስቀጣል።

ሕጉ ለልጁ ያለው አስተያየት እየሰፋ መጥቷል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ዳኝነት ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች ሰጥቶ፣ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር ልጁ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ጋራ እንዲቈይ ያዝ ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 36 የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ ደነገገ። የአማራ ክልል የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ ያወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ከተስማሙም የሸሪዓ ፍርድ ቤት ነገሩን ሊያይ ይችላል።

ይሁን እንጂ የብዙው ሰው ጠብ ፍርድ ቤት ሳይደርስ በሽማግሌ ፊት የሚያልቅ ነው። ሽማግሎቹ ስለ ካሳው፣ ስለ በሬውና ስለ መሬቱ ይጠይቃሉ። ከዚሁ ጋራ ልጁ የት እንደሚያድር፣ ትምህርቱን ማን እንደሚከታተልለት፣ እርቁንም ማን እንደሚነግረው ቢጠይቁ፣ የቈየው ሥርዓታችን አዲሱ ሕግ የሚፈልገውን ሥራ ሊሠራ ይችላል እንላለን። ልጁ ጠቡን በጆሮው ሰምቷልና፣ እርቁንም በዓይኑ ሊያይ ይገባዋል።