በአንድ ድምር የተደበቀው የጀንፈልና የእሸት ዋጋ

በጅማና በአካባቢዋ ባሉ የቡና ከተሞች የመጀመሪያው ጀንፈል ደርቆ፣ እሸቱም ገና ከዛፍ ሳያልቅ የሚገናኙበት ወቅት አለ። በዚህ ጊዜ ሁለቱ ቡናዎች በአንድ መኪና ተጭነው፣ ሂሳባቸው በአንድ ድምር ብቻ ከቀረበ፣ አቅራቢው የትኛው እንዳተረፈውና የትኛው እንዳከሰረው ማወቅ ይቸግረዋል። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም፤ ሁለት ደረሰኝ ይበቃል።

ለማስላት እንዲያመች የተወሰደ ምሳሌ እንመልከት። መጋዘኑ ቦሳ ኪቶ የሆነ አንድ አቅራቢ፣ ወኪሉ ሰኞ ዕለት 3 ፈረሱላ ጀንፈልና 5 ፈረሱላ እሸት በብር 18,700 ገዛለት። ማክሰኞ ደግሞ 6 ፈረሱላ ጀንፈልና 4 ፈረሱላ እሸት በብር 27,200 ተገዛ። አንዱ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው።

የሰኞውን ሂሳብ በሁለት እናባዛው። 6 ፈረሱላ ጀንፈልና 10 ፈረሱላ እሸት ብር 37,400 ይሆናል። ከዚህ የማክሰኞው ሲቀነስ ጀንፈሉ ይጣፋል፤ የሚቀረው 6 ፈረሱላ እሸት በብር 10,200 ነው። ስለዚህ አንዱ ፈረሱላ እሸት ብር 1,700 ወጥቶበታል። ከሰኞው ድምር የ5 ፈረሱላ እሸት ዋጋ ብር 8,500 ሲነሳ ለ3 ፈረሱላ ጀንፈል ብር 10,200 ይቀራል፤ አንዱ ብር 3,400 መሆኑ ነው።

በኪሎ ሲታይ እሸቱ ብር 100፣ ጀንፈሉ ብር 200 ነው። እሸቱ በግማሽ የረከሰ ይመስላል። ነገር ግን 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት ወደ 2 ኪሎ ጀንፈል ሲበቃ፣ እሸት ከሆነ ግን ከ5 እስከ 6 ኪሎ ያስፈልጋል። የማጠቢያና የመቀሸሪያ ወጪ ሳይጨመር፣ የንጹሑ ቡና ዋጋ ከጀንፈሉ ብር 400፣ ከእሸቱ ከብር 500 እስከ 600 ይደርሳል ማለት ነው። የታጠበው ቡና ይህን ልዩነትና የማጠቢያውን ወጪ በሽያጭ ካልመለሰ፣ ርካሽ የመሰለው እሸት ኪሳራ ነው።

ስሌቱ እንዲሠራ ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ።

አንደኛ፣ በሁለቱ ቀናት መካከል ዋጋውም ሆነ የቡናው ጥራትና እርጥበት መለወጥ የለበትም።

ሁለተኛ፣ መለኪያው አንድ ይሁን፤ አንዱ በፈረሱላ ሌላው በኪሎ ከተጻፈ ውጤቱ ከንቱ ነው።

ሦስተኛ፣ የሁለቱ ቡናዎች መጠን በሁለቱ ደረሰኞች በእኩል እጥፍ የተለወጠ መሆን የለበትም። ማክሰኞ 6 ጀንፈልና 10 እሸት በብር 37,400 ቢገዛ ኖሮ፣ የሰኞው እጥፍ ስለሆነ አዲስ ነገር አይናገርም። ይኸው ጭነት በብር 38,000 ቢቀርብ ግን ወይ ዋጋ ተለውጧል፣ ወይ ሚዛኑ ወይም ድምሩ ተሳስቷል። ያን ጊዜ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ወኪሉን መጠየቅ ይገባል።