ባለ ሱቁ በረመዷን ልቡን የት ያድርግ?

ረመዷን በገባ ቁጥር ከተራዊሕ ሶላት በኋላ ወደ ኢማሞች ከሚቀርቡ ጥያቄዎች አንዱ የነጋዴዎች ጥያቄ ነው። ጠያቂዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ትልልቅ አስመጪዎች አይደሉም። የሰፈር ባለ ሱቆች፣ ጨርቅ ሻጮች፣ ጉልት የሚቸረችሩ እናቶች፣ ለኢፍጧር ሳምቡሳ የሚጠብሱ ወጣቶች ናቸው። ንግድ ሐላል መሆኑን ያውቃሉ፤ እሱን አይጠይቁም። የሚሉት ሌላ ነው፦ «ሸይኽ፣ ሱቅ ስቀመጥ ልቤ መስጊድ ነው፤ መስጊድ ስቆም ልቤ ሱቅ ነው። ከሁለቱም አልሆንኩም።»

ይህ ቃል እንደዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ትልቅ ነጋዴ ሒሳብ የሚይዝለት ሰው አለው፤ የመጋዘን ጠባቂና ሹፌር አለው። የእሱ ሐሳብ ለአንድ ሳምንት ቢበተን ሥራውን የሌሎች ዓይን ይጠብቅለታል። የትንሽ ሱቅ ባለቤት ግን ገዢውም፣ ሻጩም፣ ሒሳብ ያዡም፣ ጠራጊውም ራሱ ነው። ከመደርደሪያው ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው ሀብቱ ሐሳቡ ነው። ሐሳቡ ከሄደ ሰውየው ወንበሩ ላይ ቢቀመጥም ሱቁ ባዶ ነው። ለብዙ ቤተሰብ ደግሞ የዚህ ወር ገበያ የወራት ኪራይና የልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣበት ስለሆነ፣ ነገሩ የአንድ ሰው የልብ ጭንቀት ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ቁርኣን ነጋዴን በነጋዴነቱ አይነቅፍም። ቁረይሾች በክረምትና በበጋ ያደርጉት የነበረው የንግድ ጉዞ፣ በስማቸው በተጠራው ሱራ ውስጥ እንደ አላህ ጸጋ ተወስቷል። በሱረቱል ጁሙዓ ደግሞ ምእመናን የጁሙዓ ጥሪ ሲሰሙ ሽያጭን እንዲተዉ፣ ሶላቱ ሲፈጸም በምድር ላይ ተበትነው ከአላህ ችሮታ እንዲፈልጉ ታዘዋል። የዚህ ሱራ የመጨረሻው አንቀጽ የወረደበት ምክንያትም በሐዲስ ተዘግቧል። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በጁሙዓ ቀን ከሰዎቹ ጋር ሳሉ ምግብ የጫኑ የሲራራ ነጋዴዎች መዲና ገቡ። ሰዉ ወደዚያ ሲጎርፍ ከነቢዩ ጋር የቀሩት 12 ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንቀጹ የወቀሰው ሰዎቹ መነገዳቸውን አይደለም፤ በሶላት ሰዓት መሄዳቸውን ነው። ከሶላት በኋላ ሲበተኑ አላህን በብዛት እንዲያወሱ መታዘዛቸውንም ልብ በሉ። ዚክር የምላስና የልብ ሥራ ነው፤ ሚዛን የያዘን እጅ ሥራ አያስፈታም።

ስለ ነጋዴ ሐሳብ ሳስብ ቶሎ የሚታወሰኝ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ነው። ከመካ ተሰድዶ መዲና ሲገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሩ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ ጋር አወንድመውት ነበር። ሰዕድ ሀብታም ነበርና ንብረቱን እኩል ሊያካፍለው አቀረበለት። ዐብዱረሕማን ለሀብቱና ለቤተሰቡ በረካ ተመኘለትና፣ ገበያው የት እንደሆነ ብቻ እንዲያሳየው ለመነው። ወደ በኑ ቀይኑቃዕ ገበያ አመለከቱት። ያን ቀን የደረቀ አይብና ቅቤ አትርፎ ተመለሰ። በማግስቱም ማልዶ ወጣ፤ ከዚያም በኋላ እንዲሁ በየማለዳው። ጥቂት ቆይቶ የሽቶ ቀለም ልብሱ ላይ እየታየ ወደ ነቢዩ መጣ፤ ለካ አግብቷል! ለመህር የሰጠው የቴምር ፍሬ ያህል ክብደት ያለው ወርቅ ነበር። በአንዲት በግ እንኳ ቢሆን ድግስ እንዲደግስ አዘዙት።

ይህ ታሪክ ሲነገር አብዛኛው ሰው ወደ መጨረሻው ይቸኩላል፤ ዐብዱረሕማን በኋላ ስላካበተው ሀብት መስማት ይፈልጋል። እኔ ግን መሐሉ ላይ፣ አይቡና ቅቤው ዘንድ መቆም እወዳለሁ። አዲስ አገር የገባ ባዶ እጁን ያለ ሰው በገበያው ውስጥ ያለውን ሁሉ ልሞክር አላለም። ማንኛውም ቤት የሚፈልገውን ሁለት ነገር ያዘና በየማለዳው ወደዚያው ገበያ ተመላለሰ።

በኢብኑ ማጃህ የሐዲስ ስብስብ፣ በንግድ ምዕራፍ ውስጥ ደግሞ አንድ ወሬ አለ። ናፊዕ የተባለ ነጋዴ ዕቃውን ወደ ሻምና ወደ ግብፅ ይልክ ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ዒራቅ ለመላክ ተዘጋጀና ለምእመናን እናት ለዓኢሻ (ረ.ዐ) አማከራቸው። እሳቸውም ከለከሉት፤ የነበረው ንግድህ ምን ሆነ ብለው ጠየቁት። አላህ ለአንድ ሰው ሪዝቁን በአንድ በር ካደረገለት፣ በሩ እስኪለወጥበት ድረስ እንዳይተወው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውንም ነገሩት። የሐዲስ ሊቃውንት የዚህን ዘገባ ሰነድ ደካማ ነው ብለውታል፤ ስለዚህ ሕግ አላወጣበትም። የያዘውን ምክር ግን በየዓመቱ በገበያ ውስጥ በዓይናችን እናየዋለን።

አንድ የማውቀው የቅመም ቸርቻሪ አለ። በርበሬ፣ እርድ፣ ሄል፣ ቀረፋ ይሸጣል። አንድ ዓመት ረመዷን ሲቃረብ ጎረቤቱ ቴምር በካርቶን ሲያስገባ አየና የቅመም መግዣ ገንዘቡን ሁሉ በቴምር ላይ አዋለው። በዚያው ሳምንት የመንገዱ ሱቅ ሁሉ ቴምር ደረደረ፤ ዋጋው ወረደ። የከፋው ግን ይህ አልነበረም። ረመዷን የሾርባና የሻይ ወር ነው። የዓመት ደንበኞቹ ቁንዶ በርበሬ፣ እርድ፣ የሻይ ቅመም ብለው ሲመጡ መደርደሪያው ተራቁቶ አገኙት። ለካ የራሱ ዕቃ ገበያ የደራው በዚያው ወር ኖሯል። ዒድ ሲያልፍ ያልተሸጡት ካርቶኖች እጁ ላይ ቀሩ፤ ደንበኞቹም ሌላ ሱቅ ለመዱ። ቴምሩን በኪሳራም ቢሆን ሸጠው። ደንበኞቹን ለመመለስ ግን ከዓመት በላይ ፈጀበት።

የመርካቶ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት። መርካቶ ራሱ በተራ የተደራጀ ነው፦ ሸማ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ በርበሬ ተራ። ገዢው ከሩቅ ሰፈር ሲመጣ እግሩ የት እንደሚወስደው ያውቃል። አንድ ሱቅም ደንበኛው ልብ ውስጥ የራሱ ተራ አለው። «እሱ ጋ ጥሩ ሄል አለ» የሚለው ስም በአንድ ወር የሚገነባ አይደለም።

ይህ ማለት ግን ዕቃ መጨመር ክልክል ነው ማለት አይደለም። በዘገባው ውስጥም «እስኪለወጥበት ድረስ» የሚል ትርጉም አለ። ያ በር በእርግጥ ከተዘጋ፣ ሸማ የሚገዛ ከጠፋ፣ ወደ ሌላ መዞር ተወኩልንም ሆነ ብልሃትን አይጻረርም። ቅመም ሻጭ የሾርባ እህል ቢጨምር ያው ደንበኛ ይገዛዋል። መለየት ያለብን ንግዱ ሲለወጥ ማየትንና የጎረቤትን ሱቅ ሲያዩ መጎምጀትን ነው።

ሁለተኛው የሐሳብ ሌባ ዕቃ ሳይሆን የሥራ ብዛት ነው። አቡ በክር (ረ.ዐ) የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ኸሊፋ በሆኑ ማግስት እንደ ልማዳቸው ጨርቃቸውን ተሸክመው ወደ ገበያ ሲወጡ ዑመር (ረ.ዐ) አገኟቸው። የሙስሊሞችን ጉዳይ ተረክበው እንዴት ወደ ገበያ እንደሚሄዱ ቢጠይቋቸው፣ ቤተሰባቸውን በምን እንደሚያበሉ መልሰው ጠየቁ። በዚህ ምክንያት ከሕዝብ ግምጃ ቤት መተዳደሪያ ተቆረጠላቸው። እንደ አቡ በክር ያለ ሰው እንኳ ሁለቱን በአንድ ልብ ይያዝ አልተባለም። የእኛ ባለ ሱቅ ግን የዕድር ጸሐፊ፣ የእቁብ ዳኛ፣ የኢፍጧር መዋጮ ሰብሳቢና የዘመድ ጠብ አስታራቂ ነው። ይህን ሁሉ የሚያደርገው በሱቅ ሰዓት፣ በስልክ፣ ደንበኛ ከፊቱ ቆሞ ነው። መልካም ሥራዎች ናቸው፤ ግን ለዚህ ወር አንዱን ለወንድም፣ ሌላውን ለጎረቤት ማስረከብ ይቻላል። ስልኩንም ሚዛን ከያዘው እጅ አርቁት። ሱረቱል ሙጠፊፊን የሚዛን አጉዳዮችን ያስጠነቀቀው ሆን ብለው ስለሚያጎድሉት ነው፤ ነገር ግን ቴሌግራም እያየ የመዘነ ሰው ያጎደለውም ቢሆን የደንበኛው ሐቅ ነው።

ከዐስር እስከ መግሪብ ያለውን ሰዓት ለይቼ ማንሳት እፈልጋለሁ። ጾመኛው የደከመበት፣ ገዢው የሚጣደፍበት፣ መልስ የሚሳሳትበት፣ ዱቤ «በኋላ እጽፈዋለሁ» ተብሎ የሚረሳበት ሰዓት ነው። ጠቡም የሚነሳው ያኔ ነው። በዚህ ሰዓት ትልቅ ግዢ አትዋዋሉ፤ የጅምላ ሻጩ ነገ ጠዋት ይመለስ። ዱቤ ግን እዚያው ደብተር ላይ ይውረድ። የቁርኣን ረጅሙ አንቀጽ፣ የሱረቱል በቀራ 282ኛ አንቀጽ፣ ዕዳን ስለመጻፍ ነው። በዚያው ሱራ ከ183 እስከ 187 ያሉት አንቀጾች ስለ ጾም ይናገራሉ፤ ወዲያው የሚከተለው 188ኛው የሰውን ገንዘብ ያለ አግባብ መብላትን ይከለክላል። ቁርኣን የሚቀሩ ልጆቻችን ይህን አንቀጽ በቃላቸው ያውቁታል። አባታቸው ሱቅ ውስጥ ሲሠራበት ቢያዩ ደግሞ እንዴት ያለ ትምህርት ነበር!

ትልቁ ፈተና የሚመጣው በመጨረሻዎቹ አሥር ሌሊቶች ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለዒባዳ ወገባቸውን ጠበቅ የሚያደርጉባቸው፣ ቤተሰባቸውን የሚቀሰቅሱባቸው፣ ለይለቱል ቀድር የሚፈለግባቸው ሌሊቶች ናቸው። ለልብስና ለጫማ ሻጭ ደግሞ የዓመቱ ገበያ በእነዚያው ሌሊቶች ነው። ዝጋ ብዬ ፈትዋ አልሰጥም፤ የልጆቹን ጉሮሮ የሚዘጋ ምክር ምክር አይደለም። ነገር ግን ገዢ የሚበዛበትን ሰዓት ባለ ሱቁ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። ገበያው ሲቀዘቅዝ በር ከፍቶ ስልክ እየነካኩ መቀመጥ ንግድም ዒባዳም አይደለም። ኢማሙል ገዛሊ በኢሕያእ ውስጥ ስለ ሥራና መተዳደሪያ በጻፉት ክፍል፣ ነጋዴ ወደ ገበያ መጀመሪያ ገቢና መጨረሻ ወጪ እንዳይሆን መክረዋል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሱቆች በተራ ቢጠባበቁ፣ ወንድማማቾች ሌሊቶቹን ቢካፈሉ፣ አንዱ ሲሸጥ ሌላው በሙሉ ልቡ ይቆማል።

እዚህ ላይ ለገዢ ቤተሰቦችም ቃል አለኝ። የልጆችን የዒድ ልብስ እስከ 27ኛው ሌሊት የምናቆየው ለምንድን ነው? በመጀመሪያዎቹ 20 ቀናት ብንገዛ የእኛም ሌሊት ይተርፋል፤ የባለ ሱቁም እንዲሁ። ምርጫውም ያኔ ይሰፋል። ባል በሱቅ ያመሸ እንደሆነ ደግሞ ኢፍጧሩ ወደ ሱቅ ይላክለት እንጂ በየአሥር ደቂቃው አይደወልበት።

ብዙ ነጋዴዎች የዘካቸውን ዓመት በረመዷን ስለሚዘጉ የቆጠራውንም ነገር ሳላነሳ አላልፍም። የሚቆጠረው ለሽያጭ የቀረበው ዕቃ በዛሬው የመሸጫ ዋጋ፣ በእጅና በባንክ ያለው ገንዘብ፣ ይከፈላል ተብሎ ተስፋ የሚደረግበት ዱቤም ነው። መደርደሪያ፣ ማቀዝቀዣና ሚዛን አይቆጠሩም። ድምሩ የ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ከደረሰና የጨረቃ ዓመት ከሞላው ከመቶ 2.5 ይወጣል። በ595 ግራም ብር ማዕድን የሚያሰሉ ዑለማዎችም ስላሉ፣ ዕዳ ያለበትም ሰው እንደዚሁ፣ የሚያምነውን ሸይኽ ይጠይቅ። በግምት የሚያወጣ ሰው ግን የሱቁን ገንዘብ ከቤቱ ገንዘብ ለይቶ እንደማያውቅ ያን ቀን ይገባዋል። ቆጠራውን ከመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት በፊት ጨርሱት።

ዘካተል ፊጥር ደግሞ ከዚህ የተለየች ናት። በቤቱ ላለ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃንም ጭምር፣ ከሚበላው እህል አንድ ሷዕ፣ ማለትም ከሁለት ኪሎ ተኩል እስከ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ ነው። ከዒድ ሶላት በፊት መድረስ አለባት፤ ከሶላት በኋላ የተሰጠች ተራ ሶደቃ ትሆናለች። ሶሓባዎች ከዒድ አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድመው ይሰጡ ነበር። ለባለ ሱቅ ይህ የተሻለ ነው፤ በዒድ ሌሊት ሱሪ ሲለካ፣ ዋጋ ሲከራከር፣ መልስ ሲቆጥር ስለ ፊጥራው የሚያስታውሰው ሰው አጠገቡ የለም።